እርስዎ እያልኩ ፊት ስነሳ

አባቴ በሕይወታቸው አንዴም መትተውኝ አያውቁም። አላስፈለጋቸውም። ዓይናቸው ይበቃ ነበር።

ደብረ ማርቆስ እቤታችን እንግዳ ሲመጣ ልጅ ጥግ ይይዛል። እጅ ያስታጥባል፣ ሲጠሩት «አቤት» ይላል፣ ሲልኩት ይሮጣል። ከዚያ ያለፈ ነገር ከአፌ ካመለጠኝ አባቴ ወሬያቸውን ሳያቋርጡ ገልመጥ ያደርጉኛል። ፊታቸውን እንኳ አያዞሩም። የዓይናቸው ጥቁር ብቻ ወደኔ መጥቶ ይመለሳል። በቃ። እኔ ደግሞ እንደ ቀንድ አውጣ እሰበሰባለሁ። ትከሻዬ ይወርዳል፣ አንገቴ ያጥራል፣ እጄ የሚገባበት ያጣል። ይህን ያየ እንግዳ «ጨዋ ልጅ ነው» ብሎ ይመርቀኛል።

ያ መሰብሰብ እስከዛሬ አልለቀቀኝም። አርባ ሊሞላኝ ነው። ስብሰባ ላይ የምናገረው ነገር ኖሮኝ እጄን ላወጣ ስል ያ የዓይን ጥቁር ከየት መጣ ሳይባል ከተፍ ይላል።

ይህን የምጽፈው አባቴን ለመክሰስ አይደለም። እሳቸውም የተቀበሉትን ነው ያቀበሉኝ። የምጽፈው ድሬዳዋ፣ ቀፊራ ገበያ የምትነግድ አንዲት ሴት ስለተናገረችኝ ነገር ነው። ግን እዚያ ለመድረስ ትንሽ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ ሊኖርብኝ ነው።

ድሬዳዋ የመጣሁት የዛሬ 11 ዓመት በሥራ ዝውውር ነው። በመጣሁ በማግስቱ ከዚራ አንድ ሻይ ቤት ገባሁ። ከረቫት አስሬያለሁ፤ በዚያ ሙቀት! አሥር ዓመት የማይሞላው ልጅ መጣና እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጎ «አንተ፣ ፈጢራ ነው ሻይ ብቻ?» አለኝ።

ጆሮዬ ጋለ። እኔ ባደግሁበት ሰፈር ትልቅ ሰውን «አንተ» የሚል ልጅ ወይ አሳዳጊ የበደለው ነው፣ ወይ ጠብ ፈልጓል። በዚያው ቀን የባጃጁ ሾፌር «አንተ» አለኝ። የቤት ደላላውም። ባለ ሱቁም፣ የባለ ሱቁ ትንሿ ልጅም። ማታ ለወንድሜ ደወልኩና «እዚህ አገር ሰው አይከበርም» አልኩት። አምኜበት ነው ያልኩት።

የድሬ ሰው ይህን ሲሰማ ሆዱን ይዞ ይስቃል። እዚህ «አንቱ» እንደ ዝናቡ ነው፤ ከስንት አንዴ። ሽማግሌውም ሐኪሙም አለቃውም «አንተ» ናቸው። ሐረርም ያው ነው። አማርኛው ከኦሮምኛው፣ ከሶማሊኛውና ከሐረሪው ጋር አንድ ግቢ ውስጥ ያደገ ነውና የራሱ ጠባይ አለው። «ዋሪያ» ብሎ ጀምሮ «አብሽር» ብሎ የሚጨርስ ሰው መሀሉን በሙሉ በአማርኛ ሲያወራ ትሰማለህ።

መሥሪያ ቤታችን ውስጥ አንድ የድሬ ልጅ አለ፤ ዛሬ የቅርብ ጓደኛዬ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት በዕድሜ ስለሚበልጠኝ «እርስዎ» ስለው ሥራውን አቁሞ ዞረ።

«ምን አጠፋሁ?» አለኝ።

«ምንም አላጠፉም።»

«ታዲያ ምነው ከቤት ታባርረኛለህ?»

አልገባኝም ነበር። ለሱ «እርስዎ» በር መዝጊያ ነው። ለኔ በር ላይ ጫማ ማውለቅ ነበር።

እኔም አልተረታሁም። ጨዋነቴን ይዤ ቀጠልኩ። ሥራዬ ባንክ ውስጥ መስኮት ላይ ነበር፤ ገንዘብ መቀበልና መክፈል። ለመጣው ሁሉ «እርስዎ»። ይፈርሙ፣ ይጠብቁ፣ ይቅርታ ሲስተም የለም። በልቤ ከተማው ውስጥ ካለው ሰው ሁሉ ሰው አክባሪ እኔ ነበርኩ።

ቀኑ ወር መግቢያ ነው። ወረፋው በር ድረስ ደርሷል። ቬንትሌተሩ ትኩሱን አየር ከዚህ ወደዚያ ያመላልሳል እንጂ አያበርድም። እሷ ቀፊራ ገበያ ሽንኩርትና ቲማቲም ነው የምትሸጠው። («እሷ» እያልኩ የምጽፈው ዘንግቼው አይደለም። ራሷ ናት ያዘዘችኝ፤ ቆይ ትሰማላችሁ።) ሁልጊዜ የምትመጣ ደንበኛ ናት። ከሽቲዋ ሥር ቋጠሮ አወጣች፣ ፈታች፣ ገንዘቡን ከቁጠባ ደብተሩ ጋር በመስኮቱ ገፋችው። አሥር አሥር ብር የበዛበት ነው። ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል።

«ስንት ነው የሚያስገቡት?» አልኩ፤ ዓይኔ ኮምፒውተሩ ላይ ነው።

ነገረችኝ። ቆጠርኩ። አራት አምስቱ የተቀዳደዱ ነበሩ። ለየኋቸውና በእስኪብርቶዬ ጫፍ ወደሷ መለስኳቸው። በእጄ አይደለም። በእስኪብርቶ።

«እነዚህን ይለውጡ።»

ዝም አለች። ከዚያ ወረፋው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ «አንተ» አለች።

ቀና አላልኩም መሰለኝ። መስታወቱን በቀለበቷ ቆረቆረችው።

«አንተ፣ አንተን ነው! ሁለት ዓመት ሙሉ እዚህ ስመላለስ ‘እርስዎ እርስዎ’ ትለኛለህ። ፊትህን ግን አላውቀውም። ገንዘቤን በዱላ እንደ እባብ ትገፋልኛለህ። እኔ ሰው ነኝ አቦ! ፊት ከምትነሳኝ ‘አንቺ’ በለኝና እየኝ።»

ከኋላ አንዱ «ሐቋን ነው» አለ። ሌላው ሳቀ። ቀና አልኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ አየኋት ብል ማጋነን አይደለም። ጣቶቿ ላይ የደበዘዘ ሂና አለ። ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። የተቆጣች መስሎኝ ነበር፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሯል።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ።

«አሁንም ያድርጉልኝ!» አለችና ሳቀች። እንባዋን በሽቲዋ ጠርዝ ጠረገች። እኔ ግን አልሳቅሁም። ያቺ የአሥር ብር ኖት በእስኪብርቶዬ ጫፍ ስትሄድ ዛሬም ትታየኛለች። የአባቴ ዓይን ነበር። ከደብረ ማርቆስ ድረስ ተሸክሜው መጥቼ፣ በመስታወት ማዶ ለቆመ ሰው ሁሉ ሳድለው ኖሬያለሁ።

ማታ ቤቴ ገብቼ «ፊት ነሳኝ» የሚለውን አነጋገራችንን ደጋግሜ አሰብኩት። ስድብ ሳይኖር፣ ዱላ ሳይኖር፣ አንድ ነገር ከሰውየው ተወስዷል ማለት ነው። ተነስቷል። የተነሳው ደግሞ የኔ ፊት ነው እንጂ የሱ አይደለም፤ የጎደለው ግን እሱ ነው። ለልጅ ከልክ በላይ ስንስቅለት «ፊት ሰጠው» እንላለን። የተቸገረ ሰው ደጅ ሲጠና «የሰው ፊት ያያል»። የሰው ፊት ደግሞ እሳት ነው ይባላል። ያደግሁበት ቋንቋ ይህን ሁሉ ያውቀዋል። እኔ ነኝ ያላወቅሁት።

ሌላም ነገር አለ፤ ቋንቋ ለሚወድ ሰው። «እርስዎ» የሚለው ቃል ሥሩ ግዕዝ ነው፤ ርእስ፣ ራስ። ሰውን «እርስዎ» ስንል በሥሩ «ራስዎ» እያልን ነው። እንግዲህ እኔ ቀኑን ሙሉ የሰውን ራስ እየጠራሁ ራሱን አላየሁም ነበር። ይህ ሲገባኝ ብቻዬን ሳቅሁ።

በኋላ ስለነገሩ ማንበብ ጀመርኩ። ካነበብኩት ሁሉ ያልለቀቀኝ የሕፃናቱ ነው። ኤድዋርድ ትሮኒክ የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1970ዎቹ (በፈረንጅ አቆጣጠር) ያደረገው ሙከራ ነው። ነገሩ ቀላል ነው። እናት ከጥቂት ወር ሕፃኗ ፊት ለፊት ትቀመጥና እንደወትሮዋ ታጫውተዋለች። ከዚያ ለሁለት ሦስት ደቂቃ ፊቷን ዝም ታሰኘዋለች። አትቆጣም፣ አትሄድም፣ ዓይኗንም ከሱ ላይ አታነሳም። ፊቷ ብቻ መልስ መስጠት ያቆማል።

ሕፃኑ ወዲያው ያውቃል። መጀመሪያ ይስቅላታል፤ ያ ሳቅ ሁልጊዜ ይሠራ ነበር። ከዚያ ይጮኻል፣ እጁን ይዘረጋል። እምቢ ሲለው ፊቱን ያዞራል። አካሉ ይዝላል፣ ወደ ራሱ ይሰበሰባል። መሰብሰቡን ሳነብ ወረቀቱን አስቀመጥኩት። ቃል የማያውቅ ልጅ ነው እኮ። «አትረባም» ብሎ የነገረው የለም። ፊት ብቻ ነው የተነሳው።

እናቲቱ ፊቷን ስትመልስለት ሕፃኑ ይመለሳል፤ ግን ወዲያው አይደለም። ትንሽ ያኮርፋል። ይህችን ማኩረፍ እወዳታለሁ። ደንበኛዬም በሚቀጥለው ሳምንት መጥታ ሌላ መስኮት ነው የተሰለፈችው።

ከዚህ በፊት ደግሞ ቻርልስ ኩሊ የሚባል ሌላ አሜሪካዊ ምሁር ሰው ራሱን የሚያየው በሌሎች መስታወት ነው ብሎ ጽፏል። ሰዎች እንዴት እንደሚያዩን፣ ምን ብለው እንደሚፈርዱብን እንገምታለን፤ ከግምቱም ኩራት ወይም እፍረት እንወስዳለን ነው የሚለው። የጻፈው በ1902 ነው። ዓመቷን ሳይ ፈገግ አልኩ፤ ባቡሩ ድሬ የደረሰውም በ1902 ነው፣ በኛ 1895። ሐዲዱ መጀመሪያ ሐረር ሊገባ ነበር የታሰበው። ተራራውን መውጣት ውድ ሆነና ከተማዋ ከሥሩ ተወለደች። አስቡት፤ ተራራ ስላስቸገረ የተወለደች ከተማ! የበታችነት ሲሰማት ግን አላየሁም። ማንንም «አንተ» የምትለው ለዚህ ይሆን እንዴ?

ቃልስ? ቃል ምንም አይደለም ወይ? ነው እንጂ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የተባለው ያለ ነገር አይደለም።

አንድ ቀን ማታ ሒሳብ ስዘጋ 4,000 ብር ጎደለብኝ። መስኮት ላይ የሠራ ሰው ያቺን ሰዓት ያውቃታል። ሆድህ ይንቦጫቦጫል፤ እጅህ አንዱን እስር አሥር ጊዜ ይቆጥራል። የዚያን ጊዜ አለቃዬ መጣ። አልጮኸም። አልሰደበኝም። መነጽሩን አውልቆ በከረቫቱ እየጠረገ፣ ወደኔ ሳያይ፣ «ድሮም» አለና ሄደ።

በቃ ይችው ናት። ድሮም።

ስለዚህች ቃል ብዙ አስቤያለሁ። «አጎደልክ» ቢለኝ ስለዛሬ ነበር። «ተጠንቀቅ» ቢለኝ ስለነገ ነበር። «ድሮም» ግን ወደኋላ ትሄዳለች። ከተወለድክ ጀምሮ እንዲህ ነህ፣ እኛም እናውቅ ነበር፣ አንተ ብቻ ነህ ያላወቅኸው ትላለች። አንድ ማታ የጎደለ 4,000 ብር የዕድሜ ልክ ጉድለት ሆኖ ቁጭ ይላል። ዘመዶቿም አሉ። «አንተ ደግሞ!» አለች። «እሱን ተወው» አለች፤ አንተ እዚያው ተቀምጠህ ስለአንተ ለሌላ ሰው የምትነገረው። «ምስኪን ነው» እንኳ አንዳንዴ ከስድብ ትብሳለች። የቤቱ ሰው ሁሉ ፈቅዶ የሚጠቀምባት፣ ማንም ክፉ ቃል ነች የማይላት።

የድሬው ልጅ አልሄደም ነበር። ወንበሩን ጎትቶ ከጎኔ ተቀመጠ። «አብሽር» አለኝ። ይህን ቃል ለማያውቅ ሰው እንዴት ላስረዳ? አይዞህ ማለት ነው፤ ግን «አይዞህ» ትንሽ ከላይ ወደታች የሚወርድ ይመስለኛል። «አብሽር» ከጎን ነው የሚመጣው። ደረሰኞቹን አንድ በአንድ አብረን አየናቸው። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን አገኘነው። አንዱን ገቢ ሁለቴ መዝግቤው ኖሯል። ብሩ መች ጎድሎ።

ጠዋት ለአለቃዬ ነገርኩት። «እሺ» አለ። «ድሮም» የምትለዋን ግን መልሶ አልወሰዳትም፤ ዛሬም እኔ ዘንድ ናት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላንሳ፤ ብዙ ጊዜ ስሰማው ያናድደኛል። ሥልጠና ላይ ሰሌዳው ላይ ይጻፋል፤ «ከመልእክታችን ቃል 7 በመቶ፣ ድምፅ 38 በመቶ፣ ፊትና አካል 55 በመቶ»። እኔም ተቀምጬ ገልብጫለሁ። ቁጥሮቹ የመጡት አልበርት መህራቢያን የሚባል ምሁር በ1967 ካወጣቸው ሁለት ጥናቶች ነው። ሰዎችን አንዳንድ ነጠላ ቃላት በተለያየ ድምፅ አሰምቶ፣ ከዚያም «ምናልባት» የምትል አንዲት ቃል ከፊት ፎቶ ጋር አድርጎ፣ ተናጋሪው ወዷል ወይስ ጠልቷል ብሎ ጠየቃቸው። ስለመውደድና ስለመጥላት፣ ያውም ቃልና ፊት ሲጋጩ ነው ጉዳዩ። ሰውየው ራሱ ለሁሉም ንግግር አይሠራም ብሎ ተናግሯል። እንዲያማ ቢሆን ሶማሊኛ ሳልችል 93 በመቶው በገባኝ ነበር።

ግን ከቁጥሩ ሥር ያለችው ነገር እውነት ናት፤ ቃልና ፊት ሲጣሉ ሰው ፊትን ያምናል። «እርስዎ» ብዬ በእስኪብርቶ ስገፋ ያቺ ሴት ያመነችው እስኪብርቶውን ነው።

አለቃዬ «ድሮም» ሲል ግን ቃሉና ፊቱ አልተጣሉም። ተጋግዘው ነው የመጡት።

የአካል ነገር ከተነሳ፣ በራስ መተማመን ለማምጣት እጅን ወገብ ላይ አድርጎ፣ ደረት ነፍቶ ሁለት ደቂቃ መቆም የሚል ምክር ታስታውሱ ይሆናል። በ2010 በ42 ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት ነበር፤ አቋቋሙ የሰውነት ሆርሞን ይለውጣል አለ። ዓለም ሁሉ ቆመ። እኔም ለዕድገት ፈተና ስቀርብ የመሥሪያ ቤቱ ሽንት ቤት ውስጥ ሞክሬዋለሁ። ጥበቃው ገባ። አየኝ። «ምን ጠፋህ?» አለኝ። በኋላ 200 በሚሆኑ ሰዎች ላይ ሲደገም የሆርሞኑ ለውጥ አልተገኘም፤ በ2016 ከመጀመሪያዎቹ ተመራማሪዎች አንዷ ራሷ አላምንበትም ብላ ጻፈች። ፈተናውን አለፍኩ፤ ግን የጥበቃው ሳቅ ነው ያዝናናኝ እንጂ ደረቴ አይመስለኝም።

«ሰውን ዓይን ዓይኑን እየው» የሚለውም ምክር እንደዚያው ነው፤ እኔ ባደግሁበት ቤት አይሠራም። ታላቁን ትክ ብሎ የሚያይ ልጅ ዓይን አውጣ ነው፤ ዓይኑን የሚሰብር ጨዋ ነው። ድሬ ስመጣ ዓይኔን ስሰብር የሚያወራኝ ሰው «ምን ደብቀኸኛል?» ይለኝ ጀመር። ያው አካል ነው፣ ያው ዓይን ነው። አንዱ ቤት ክብር፣ ሌላው ቤት ሌብነት። ይህን ከመጽሐፍ መማር ይቸግራል። ከድሬ ሐረር የሚያወጣውን ተራራ፣ ደንገጎን፣ ወጥቶ ወርዶ ነው የሚለመደው።

ደንገጎን ካነሳሁ አይቀር፣ ሐረር የሆነውን ልንገራችሁ። የዚያ የድሬ ጓደኛዬ አክስት ጁገል፣ በግንቡ ውስጥ ባለው አሮጌው ከተማ ናት። አንድ እሑድ ይዞኝ ሄደ። የሐረሪ ቤት ገብቶ የማያውቅ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ግድግዳው ላይ የተደረደረውን ሳሕንና ስፌት ነው። እኔ ግን ወለሉ ነው የገረመኝ። ቤቱ ውስጥ ወንበር የለም፤ ከፍና ዝቅ ያሉ መደቦች አሉ፣ ነደባ ይሏቸዋል። እያንዳንዱ ስም አለው። አሚር ነደባ የሚባለው የቤቱ አባወራ ነው፤ እዚያ የተቀመጠ ሰው በሩን ያያል፣ የሚገባውንም የሚወጣውንም። ጊዲር ነደባ ትልቁ ነው። ጢት ነደባ ትንሹ። ቤቱ ራሱ ማን የት እንደሚቀመጥ ይናገራል፤ አፍ አያስፈልገውም።

እኔ ጫማዬን አወለቅሁና እዚያው በሩ አጠገብ፣ ከጫማዎቹ ጎን፣ ኩርምት ብዬ ተቀመጥኩ። ማንም ተቀመጥ አላለኝም። አካሌ ነው ቦታውን የመረጠው። ደብረ ማርቆስ ያለው ጥግ ነበር።

አክስቱ ትሪ ይዛ መጣች። አየችኝ። ትሪውን አስቀመጠች።

«አንተ፣ ምን ሆነህ ነው በር ላይ? ጫማ ጠባቂ ነህ?»

«ይበቃኛል እናቴ፣ እዚህ ይመቸኛል።»

አልሰማችኝም። የእጄን አንጓ ያዘችና ጎተተችኝ። ትልቁ ነደባ ላይ ወሰደችኝ፣ ትራስ ከጀርባዬ ሸጎጠች፣ ጉልበቴን ቸብ አድርጋ ወደ ትሪዋ ተመለሰች። ያን ቀን ሌላ የተለየ ነገር አልተባለም። ስለ ገበያ፣ ስለ ውኃ መጥፋት፣ ስለ ልጇ ሠርግ ነው የተወራው። ግን ከዚያ ከፍታ ላይ ሆኜ ሳወራ ድምፄ ሌላ ነበር። ሳልፈራ ቀለድኩ። ሰውም ሳቀ። ልዩነቱ ቢለካ ሁለት ስንዝር ቢሆን ነው።

ወደ ባንኩ ስመለስ የሠራሁት ትልቅ ነገር የለም። እስኪብርቶውን ከመስኮቱ አራቅሁት። ሰው ሲመጣ ቀና እላለሁ፤ ወር መግቢያ ላይ አንዳንዴ እረሳዋለሁ፣ ይደክማል። የቀፊራዋ ደንበኛዬ ከአንድ ወር በኋላ ወደ መስኮቴ ተመለሰች። «አንቺ» እንድላት አዘዘችኝ። ምላሴ አልታዘዘልኝም። ለሦስት ሳምንት ያህል «እርስ… አንቺ» ስል ከረምኩ። እሷም ልክ እንደ ሕፃን ልጅ አንደበት ሲፈታ እያየች ትስቅብኝ ነበር።

ባለቤቴ እዚሁ ድሬ የሳቢያን ሰፈር ልጅ ናት። ሴት ልጃችን እዚሁ ነው የተወለደችው፤ ስድስት ዓመቷ ነው። አፏን የፈታችው በድሬ አማርኛ ነው። ባለፈው ፋሲካ ለመጀመሪያ ጊዜ ደብረ ማርቆስ ይዣት ሄድኩ። መንገድ ላይ «አያትሽን አንቱ ነው የምትያቸው» እያልኩ አስጠናኋት። «እሺ አቦ» አለችኝ። ያኔ ነው መጠርጠር የነበረብኝ።

አባቴ ጋቢያቸውን ለብሰው መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። አርጅተዋል፤ ግን ዓይናቸው ያው ነው። እኔ ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ። እህቶቼ ዳር ዳር ቆመዋል። ልጄ ግን ጥግ አልያዘችም። ቀጥ ብላ ሄደች። ሁለት መዳፏን ጉልበታቸው ላይ ጫነች፣ አንጋጥጣ ፊታቸውን ዓይን በዓይን አየች።

«አንተ» አለቻቸው። «የአባዬ አባት አንተ ነህ?»

ታላቅ እህቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች። እኔ ትከሻዬ ወረደ፤ በአርባ ዓመቴ፣ ልጄ ፊት። ያቺን ዓይን ጠበቅኋት። መጣች። የዓይናቸው ጥቁር ዞረ፣ ልጅቷ ላይ አረፈ። ተመልሶ ይሄዳል ብዬ ብጠብቅ አልሄደም።

«ማን አልሽኝ?» አሏት።

«አንተ» አለች። ከዚያ ወደ ፊታቸው ይበልጥ ተጠጋች። «ጥርስህ የት ሄደ?»

አባቴ ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ አፋቸውን ከፍተው አሳዩዋት፤ የቀረውንም፣ የሌለውንም። እሷም አፏን ከፈተችና በጣቷ የፊት ጥርሷን ክፍተት አሳየቻቸው።

«አብሽር» አለቻቸው። «ይበቅላል።»